ሰማንያ ብቻ ይበቃል? ከጎንደር የተከፈተ ክርና 23 ምላሾቹ

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት የተያያዘውን የውይይት ሰንሰለት፣ የከፈተው «ቀሃ» በሚል ስም የሚጽፍ ሰው ነው። ወሩ ጥር፣ ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ጎንደር ላይ ድንኳን ከድንኳን የሚጋጭበት ሰሞን። ጥያቄ አስመስሎ ያመጣው ነገር ግን የተቆረጠ ፍርድ ነበር። በሰማንያ የተጋቡ ሰዎች ቀበሌ ሄደው ካላስመዘገቡ በሕግ ፊት ባልና ሚስት አይደሉም፤ ሲለያዩም ቤቱ በስሙ ያለው ይዞት ይቀራል፣ ሌላው አጨብጭቦ ይወጣል፤ ሽማግሌ ፊት የሚፈረመው ወረቀት እንግዲህ ከሠርግ ጌጥ አይለይም አለ። ማስረጃ ብሎ የጠቀሰው የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን ነው። አንቀጽ 28 ጋብቻ ሁሉ በክብር መዝገብ ሹም (ጋብቻ፣ ልደትና ሞት በሚመዘግበው የመንግሥት ሹም) እንዲመዘገብ ያዝዛልና ነገሩ አለቀ ብሎ ዘጋው።

ምላሽ ቁጥር 1 አመስግኖ ተስማማ። ለጡረታ አበል፣ ለቪዛ፣ ለባንክ ብድር የሚጠየቀው የጋብቻ የምስክር ወረቀት እንጂ ሰማንያ አይደለም አለ። እውነት ነው፤ ግን የቀሃ አባባል እሱ አልነበረም።

ቁጥር 2፣ ስሙን «መዝገብ ቤት» ያለው፣ ከሁሉ በፊት የተጠቀሰውን ሕግ አረመ። አዋጅ 213 የሚሠራው ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ በሆኑት በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ጎንደር ላይ የሚጠቀሰው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ሁለቱ በአብዛኛው ቢመሳሰሉም የአንቀጽ ቁጥር ከፌዴራሉ ገልብጦ አቤቱታ ላይ የሚለጥፍ ሰው ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት መስኮት ይመለሳል፣ ወይም ችሎት ፊት አሻሽል ተብሎ ሌላ ቀጠሮ ይቀበላል። በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች ይህን ሰምተው ይሁን ሰልችተው፣ ከዚያ ወዲያ አንቀጽ መቁጠር ትተው ሐሳቡን ብቻ ጻፉ። ክሩም በዚህ ተጠቀመ።

የክሩ ጅማት ያለው ቁጥር 3 ላይ ነው። «አንገረብ» በትሕትና ጀምሮ የቀሃን አባባል ከሥሩ ነቀለው። ሕጉ ጋብቻን በሦስት መንገድ ያውቃል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት፣ በባህል ሥርዓት። ሰማንያ ሦስተኛው ነው። ፈቃድ ካለ፣ ሁለቱም 18 ዓመት ከሞላቸው፣ የሥጋም የጋብቻም ዝምድና ከሌለ፣ አንዳቸውም በሌላ ጋብቻ ካልታሰሩ፣ ጋብቻው የተወለደው ሽማግሌዎቹ ፊት በተፈረመበት ቀን ነው። ያልተመዘገበ ልጅ አልተወለደም እንደማይባል ሁሉ ያልተመዘገበ ጋብቻም የለም አይባልም። ዘግይቶ ቢመዘገብ እንኳ ውጤቱ የሚቆጠረው ሥርዓቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ ነው እንጂ ማኅተም ከተመታበት ቀን አይደለም። ወረቀቱ ከነጭራሹ ከሌለ ደግሞ ሕጉ ሌላ በር ከፍቷል። ሁለቱ ራሳቸውን እንደ ባልና ሚስት የሚቆጥሩ፣ ዘመድና ጎረቤትም እንደዚያው የሚያያቸው መሆኑ በምስክር ይረጋገጣል። በዚህ ጊዜ ሰማንያው ጌጥ ሳይሆን ዋና ሰነድ ይሆናል። የሁለቱ ስም በአንድ መስመር የተጻፈበት የእድር መዝገብ፣ የልጅ የትምህርት ቤት ካርድ፣ የክትባት ካርድ ከጎኑ ሲቆሙ ክርክሩ ያጥራል።

ቁጥር 4 ይሄንን አንብቦ ቆጣ አለ። እንዲህ ከሆነ ማን ይመዘገባል? ሕጉ ራሱ ሰውን ስንፍና ያስተምራል ማለት ነው ወይ?

ቁጥር 5 ረጅም መለሰ፤ ለተጋቢ የሚጠቅመው ተግባራዊ ነገር አብዛኛው እዚህ ነው። የማስረዳት ሸክም ማለት ምን እንደሆነ የሚገባው ችሎት የቆመ ሰው ብቻ ነው አለ። ሰማንያው ላይ ከፈረሙት ሽማግሌዎች አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ሑመራ ሄዷል፣ ሦስተኛው ቀኑን ረስቶታል። ተከራካሪው ወገን ጋብቻ አልነበረም፣ ሠራተኛዬ ነበረች ብሎ ይክዳል። ያኔ ሀብት ክፍፍል ከመድረሱ በፊት ጋብቻ መኖሩን ለማስረዳት ብቻ ወራት ይነጉዳሉ። የምስክር ወረቀት ያለው ግን በአንድ ገጽ ይጨርሰዋል።

የምዝገባውንም አካሄድ ዘረዘረ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ጋብቻ በተፈጸመ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ይላል፤ ልደት ግን 90 ቀን አለው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል፤ ሦስት ወር አለኝ ብሎ ይቀመጥና የጋብቻው ጊዜ ያልፍበታል። ሁለቱም ተጋቢዎች በአካል ቀበሌው የወሳኝ ኩነት ክፍል ይቀርባሉ፤ ከየወገኑ ሁለት ሁለት ምስክር፣ የታደሰ መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ዕድሜ የሚያሳይ ማስረጃ፣ ሰማንያው ወይም የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት። ቀድሞ አግብቶ የፈታ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የሞተበት የሞት የምስክር ወረቀት ይጨምራል። ሰው ከሁሉ የሚሳሳትበት ያላገባ ማስረጃ ነው። አንዱ ተጋቢ ከሌላ ቀበሌ፣ ይልቁንም ከሌላ ወረዳ ከመጣ፣ ማስረጃውን ከሠርጉ በፊት ነው ማውጣት ያለበት። ከሠርጉ በኋላ ሄዶ ያላገባሁ ነኝ በሉኝ ማለት ሠራተኛውን ውሸት ጻፍ ማለት ነው፤ ሠራተኛው ቢጽፍለት እንኳ ቀኑ ከሰማንያው ቀን በኋላ ስለሚውል ሁለቱ ሰነዶች እርስ በርስ ይጣላሉ። ምዝገባው አገር አቀፍ ሆኖ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት የተፈጸመ ጋብቻ እንደ ነባር ይመዘገባል፣ የሚጠየቀውም ማስረጃ ይበዛል።

ቁጥር 6 አንድ መስመር ብቻ ናት፤ ይህን ሁሉ ይዞ የሄደ ሰው ሲስተም የለም ተብሎ እንደሚመለስ ያልጠቀሰው ለምንድን ነው አለ። ስንት ሰው እንደሳቀ ክሩ ላይ ይታያል።

ቁጥር 7፣ «ጃንተከል»፣ ሌላው ያላየውን አየ። በቤተ ክርስቲያን የተጋቡ ሰዎች ወረቀት የሚጻፈው በክርስትና ስም ነው። መታወቂያው ላይ ያለችው በዓለም ስሟ ስትሆን የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ላይ ያለችው ወለተ ማርያም ናት። ባልየውም ገብረ ሥላሴ ሆኖ ቁጭ ብሏል። መዝጋቢው ሁለቱን አንድ ሰው ናቸው ብሎ የሚያምንበት ምክንያት የለውም። መፍትሔው ቀላል ቢሆንም በጊዜው ነው። የደብሩ ጽሕፈት ቤት ወረቀቱን ሲጽፍ የዓለም ስምን ከነአባትና አያት ስም በመጀመሪያው መስመር፣ የክርስትና ስምን ከሥሩ እንዲያደርግ መጠየቅ። ወረቀቱ አንዴ ከወጣ በኋላ ግን ያው ደብር ሄዶ የማስተካከያ ደብዳቤ በቁጥርና በማኅተም ማስጻፍ ነው፤ በእስክሪብቶ ሰርዞ ከላይ መጻፍ ሰነዱን ያበላሸዋል።

ከዚህ ተነሥቶ ቁጥር 8 ወደ ፊደል ገባ። «ሥላሴ» በንጉሡ «ሥ» ከተጻፈ፣ መታወቂያው ላይ ደግሞ በእሳቱ «ስ»፤ «ኃይሉ» አንዱ ጋ «ሀይሉ» ከሆነ፤ ጎንደር ውስጥ ማንም አንባቢ አንድ መሆኑን ያውቃል። ኮምፒውተሩ ግን አያውቅም። ሲፈለግ አይገኝም፣ በእንግሊዝኛ ሲተረጎም ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናል። ስለዚህ ሰማንያ የሚጽፈው ሰው፣ አዋቂም ቢሆን፣ ከራሱ የፊደል ዕውቀት ሳይሆን ከመታወቂያው እያየ ይገልብጥ አለ። እኔ በበኩሌ ለቅኔ አገር ይህ ከባድ ምክር ነው ብዬ አነበብኩት፤ ግን ልክ ነው።

ቁጥር 9 ወደ ሰማንያው ይዘት መለሳቸው። ሰው ሰማንያን ሁለት ሥራ ያሠራዋል፤ ጋብቻ መፈጸሙን ማሳያም፣ የንብረት ውልም። ለመጀመሪያው ሥራ ሽማግሌና ፊርማ ይበቃል። ለሁለተኛው ግን ሕጉ ይጠነክራል። የጋብቻ ውል በጽሑፍ ሆኖ በአራት ምስክር፣ ከባል ወገን ሁለት ከሚስት ወገን ሁለት፣ ካልተረጋገጠ አይጸናም፤ መፈረም ያለበትም ከጋብቻው በፊት ወይም በጋብቻው ዕለት ነው። ብዙ ሰማንያ ላይ ግን ፈርመው የሚገኙት ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሦስት በባህላችን ሙሉ ቁጥር ነውና። ያኔ ጋብቻው ይቆማል፣ «ቤቱ የእሱ ነው፣ ላሞቹ የሷ ናቸው» የሚለው አንቀጽ ግን ይወድቃል። ደግሞ ዝርዝሩ «ያለኝ ንብረት ሁሉ» ተብሎ ከተጻፈ ምንም እንዳልተጻፈ ነው። የቤቱ የካርታ ቁጥር፣ የመኪናው የሰሌዳ ቁጥር፣ የከብቱ ቁጥርና ዓይነት መግባት አለበት። ከአንድ ገጽ በላይ ከሆነ እያንዳንዱ ገጽ ይፈረማል፤ አለዚያ የመሐሉ ገጽ ሲቀየር ማን ያውቃል።

ሰማንያ ለምን ሰማንያ ተባለ የሚል ጥያቄ እዚህ መሐል ገብቶ ቁጥር 10ን በላው። የተነሡት መላ ምቶች እርስ በርስ ስለማይስማሙ አልፌዋለሁ።

ቁጥር 11 ቤት ላይ መጣ። ከጋብቻ በፊት የነበረ ቤት፣ በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዱ ብቻ የመጣ ቤት የግል ነው። ኪራዩ ግን የጋራ ነው፤ የግል ንብረት የሚያስገኘው ገቢ፣ ደመወዝም ጭምር፣ በጋብቻ ውስጥ ወደ ጋራ ቋት ይገባል። አዘዞ ያለ የወላጅ ቤት ግቢ ውስጥ በሁለቱ ደመወዝ ሰርቪስ ቤት ከተሠራ በኋላ ፍቺ ሲመጣ ጠቡ የሚነሣው ለዚህ ነው። ዋናው ቤት የግል ቢሆንም ሰርቪሱ የተሠራበት ገንዘብ የጋራ ነበር። የብሎኬቱን ደረሰኝ፣ የአናጺውን ክፍያ፣ ከባንክ የወጣበትን ቀን ያስቀመጠ ሰው ይጠቀማል። የግል ቤቱን ሸጦ በጋብቻ ውስጥ ሌላ የገዛ ሰውም አዲሱ ቤት የግሌ ይቆይልኝ ካለ ፍርድ ቤት ጠይቆ ማስወሰን አለበት፤ ዝም ካለ የጋራ ነው የሚለው ግምት ይበላዋል።

ቁጥር 12 የቀሃን ሁለተኛ አባባል አፈረሰ። ቤቱ በማን ስም ይሁን በማን፣ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ሀብት ሁሉ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ የግሌ ነው የሚለው ነው የሚያስረዳው። ባለ ስሙ ብቻውን ቢሸጠው ሌላው ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል፤ ግን ባወቀ በስድስት ወር፣ ምንም ቢሆን ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት ሳያልፍ። ሽማግሌ ይፈታዋል እየተባለ የሚጠፋው ይኸው ስድስት ወር ነው። ፌዴራሉ ሕግ በሁለቱም ስም የተመዘገበ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ፣ ከ100 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለማበደር የሁለቱን ስምምነት እንደሚጠይቅም አስታወሰ፤ ሕጉ በወጣበት ዘመን 500 ብር በሬ ባይሆን በግ ነበር፣ ዛሬ ዶሮም አይሞላም ብሎ። ከከተማ ውጭ ለሚኖሩትም አከለ። በክልሉ የገጠር መሬት ሕግ የባልና ሚስት የይዞታ ደብተር የሁለቱም ስምና ፎቶ ያለበት ነው፤ ደንቢያና ወገራ ላይ መሬት ያለው ሰው ደብተሩን ከፍቶ ሁለቱ ፎቶ መኖሩን ቢያይ አይጎዳም።

ጠብ የተጀመረው ቁጥር 13 ላይ ነው። አንድ ጸሐፊ ባል ሲሞት ሚስት ዋና ወራሽ ናትና ምዝገባው ለውርስ ነው የሚጠቅመው አለ። ቁጥር 14፣ እስካሁን ሁሉንም አንቱ እያለ ሲመልስ የነበረው አንገረብ፣ እዚህ ላይ ወደ አንተ ወረደ። የማታውቀውን አትጻፍ ማለቱ ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ባልና ሚስት ያለ ኑዛዜ አንዱ ሌላውን አይወርስም። የሟች ልጆች አንደኛ ደረጃ ናቸው፤ ልጅ ከሌለ ወላጆች ይመጣሉ። ሚስት የምትወስደው የጋራውን ሀብት ግማሽ ነው፤ እሱም ውርስ ሳይሆን የራሷ ድርሻ ነው። ልጅ የሌላቸው ጥንዶች ላይ የሚደርሰውን ደግሞ በጥሬው አስቀመጠው። የባል ወንድሞች ከቀብር በኋላ መጥተው ግማሹን ቤት ይጠይቃሉ፣ ሕጉም ወላጅ ከሌለ ይሰጣቸዋል። ይህን የማይፈልግ ኑዛዜ ይጻፍ። ኑዛዜው በሌላ ሰው እጅ ከተጻፈ አራት ምስክር ባሉበት ተነቦ ይፈረም፣ ይህ ሥርዓት መፈጸሙም እዚያው ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።

ቁጥር 15 አንቱታው የት ገባ ብሎ ወቀሰው። አንገረብ አልመለሰም።

ቁጥር 16 ስለ ደባልነት ጠየቀ። ያለ ሰማንያም ያለ ቀበሌም አብረው የኖሩስ? ቁጥር 17 አጭር መልስ ሰጠው። ሕጉ ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር ብሎ ለብቻው ይዞታል። ከሦስት ዓመት ያላነሰ ከዘለቀ በዚያ ጊዜ የተፈራ ሀብት የጋራ ይሆናል፤ የሚወለደው ልጅም አባት አለው። ለማፍረስ ግን ፍቺ አያስፈልገውም፣ አንዱ በቃኝ ሲል ያበቃል። ስለዚህ ችሎት ላይ ሰማንያ ነበረን ወይስ አብረን ነው የኖርነው የሚለው ክርክር ተራ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር አብሮ የኖረ ሰው ሰማንያው ከተገኘለት የባልና ሚስት መብቱን ሁሉ ያገኛል፣ ካልተገኘለት የጋራ ሀብት የሚለው በር ይዘጋበታል።

ቁጥር 18 ፍቺን አነሣ፤ ከሁሉ የከረረውም ይህ ነው። በሽማግሌ የተፈታ አልተፈታም አለ። በ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ ዳኞች ፍቺ ይወስኑ ነበር፤ አሁን የሽማግሌ ሥራ ማስታረቅ ነው፣ የሚያፋታ ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ሽማግሌ ፊት ዕቃ ተካፍሎ፣ «ከእንግዲህ አልጠይቅም» ብሎ ፈርሞ ሌላ ያገባ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 650 በጋብቻ ላይ ጋብቻ ሊከሰስ ይችላል። ሁለተኛዋም ሴት የቆመችበት መሬት ይናዳል። ቁጥር 19 ተቃወመ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 20938 ለረጅም ዘመን ተለያይተው የየራሳቸውን ኑሮ የመሠረቱ ሰዎችን ጋብቻ ያለ ፍቺ ውሳኔም ፈርሷል ማለቱን ጠቀሰ። ቁጥር 18 ተመልሶ፣ ያ ጉዳይ የብዙ ዓመት መለያየትና የሁለቱንም አዲስ ኑሮ ያየ ነው፣ ባለፈው ፋሲካ ተለያይቶ ዘንድሮ የሚያገባ ሰው መከለያ አያደርገውም አለ። ከእሱ ጋር ነኝ።

ቁርባን የሚለው ቃል የገባው በዚህ መሐል ነው። ቁጥር 20 የቆረቡ ሰዎች አይፋቱም፣ ፍርድ ቤት ምን አግብቶት አለ። መልሱ ራሱ ቁጥር 20 ሥር በአጫጭር ተጨምሯል፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ፍርድ ለቤተ ክርስቲያን፣ ችሎቱ ግን ንብረቱን፣ ቀለቡን፣ ልጁን ይወስናል፤ አንዱ ሌላውን አይሽርም። ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ያለ ሙስሊም ቤተሰብ ደግሞ ሁለቱም ወገን ከፈቀዱ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ አንዱ ካልፈቀደ መደበኛው ፍርድ ቤት ነው። ፈቃዱ በመጀመሪያው ቀጠሮ ይጠየቃል፤ ዝም ማለት ዋጋ ሊያስከፍል ስለሚችል አልፈልግም የሚል ሰው በግልጽ ይበል።

ቀለብ ላይ ቁጥር 21 ጥሩ ጻፈ። ሕጉ ለአንድ ልጅ ይህን ያህል ብር አይልም፤ የጠያቂውን ፍላጎትና የሰጪውን አቅም ያያል። ስለዚህ አቤቱታው «በቂ ቀለብ» ብሎ ከጠየቀ ዳኛውን ያደክማል። የወተት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የኪራይ ድርሻ፣ የሕክምና ተብሎ በወር ተደምሮ ይቅረብ፤ ከሥሩ የልጁ የልደት የምስክር ወረቀትና የተጠሪው የደመወዝ ማስረጃ ይያያዝ። ደመወዙን ለማወቅ ፍርድ ቤቱ ለመሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ እንዲጽፍ በዚያው አቤቱታ መጠየቅ ይቻላል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆነ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከደመወዙ በማንኛውም ጊዜ የሚቆረጠው ከሲሶው አይበልጥም፤ ወር 9,000 ብር የሚያገኝ ሰው ላይ ጣሪያው 3,000 ነው። ቀድሞ ለብድር የሚቆረጥበት ካለ ደግሞ ሁለቱ በዚያው ሲሶ ይሻማሉ። ባጃጅ ነጂ ወይም ነጋዴ ከሆነ የደመወዝ ወረቀት የለም፤ የንግድ ፈቃድ፣ የባጃጁ ባለቤትነት፣ የቤት ኪራይ ውል ነው የሚቀርበው። ፍርዱ ከተሰጠ በኋላም ቀለቡ በራሱ አይመጣም፣ አፈጻጸም መዝገብ መክፈት ያስፈልጋል። ሳይጠየቅ የከረመ ቀለብ ደግሞ ከሦስት ወር በላይ ሲያልፈው መብቱን ሊያሳጣ ስለሚችል፣ ዘንድሮ ዝም ብዬ ለከርሞ አንድ ላይ እቀበላለሁ ማለት አያዋጣም።

ቁጥር 22 ከክሩ ወጥቶ ወደ ውጭ አገር ዘመድ ሄደ። አሜሪካ ያለ ሙሽራ በውክልና ማግባት ይችላል ወይ? ለዚህ ቀድሞ በቁጥር 2 የተናገረው «መዝገብ ቤት» መለሰለት። መርሁ ሁለቱም በአካል ቀርበው ፈቃዳቸውን እንዲሰጡ ነው። ውክልና የሚፈቀደው ከባድ ምክንያት መኖሩ በፍትሕ ባለሥልጣን ተረጋግጦ ሲፈቀድ ብቻ ነው፤ ለንብረት ሽያጭ የተሰጠ አጠቃላይ ውክልና ለጋብቻ አይሠራም። ወንድሙን በቦታው አስፈርሞ ጥሎሽ የላከ ሰው ሠርግ ደግሷል እንጂ አላገባም። ከዚያው ሳይወጣ አንድ ነገር ጨመረ፤ ማንም አልጠየቀውም፣ ግን ይጠቅማል። የፈታች ወይም ባሏ የሞተባት ሴት እንደገና ለማግባት 180 ቀን ትጠብቃለች፤ ከወለደች፣ ወደ ቀድሞ ባሏ ከተመለሰች፣ ወይም በሕክምና እርጉዝ አለመሆኗ ከተረጋገጠ መጠበቅ የለባትም። ምክንያቱ የአባትነት ግምት ነው። ጋብቻው ከፈረሰ በ300 ቀን ውስጥ የተወለደ ልጅ አባቱ የቀድሞው ባል ነው ይላልና፣ ቶሎ ካገባች ለአንድ ልጅ ሁለት አባት ይገመትለታል።

ቀሃ ቁጥር 23 ላይ ተመለሰ። አልተከራከረም፤ ሦስት ሽማግሌ ብቻ የፈረመበት ሰማንያ ላይ አራተኛ ምስክር ዛሬ ፈርሞ በሠርጉ ቀን ቢጻፍ የንብረቱ አንቀጽ ይድናል ወይ ሲል ጠየቀ። ከሥሩ መልስ የሰጠው ያው አንገረብ ነው፣ አንቱታውም ተመልሷል። ወደ ኋላ ቀን ጽፎ መፈረም ሰነድ ማጭበርበር ነውና ጭራሽ አይሞከር፤ አራተኛው ምስክር ሲጠየቅ የዚያን ዕለት የት እንደነበር አያስረዳም፣ ያኔ ጤናማው ሰማንያም አብሮ ይጠረጠራል። ጋብቻው በሦስቱ ሽማግሌ ቆሟል፤ እሱን እንዳለ ይዞ ቀበሌ መሄድ ነው። የንብረቱን ነገር ሁለቱም እስከተስማሙ ድረስ አዲስ ስምምነት ጽፈው ለወረዳው ፍርድ ቤት ያቅርቡ፤ በጋብቻ ውስጥ ባልና ሚስት የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይሠራምና። ሁለቱም በአንድ ቀን ይቅረቡ፣ የካርታውን ዋናና ኮፒ ይያዙ፣ ከመውጣታቸው በፊትም መታወቂያቸው ያልታደሰ እንዳይሆን ይዩት።